እዚህ ያልፋል፣ እዚያ ይወድቃል

ልጄ የተቀጠረችበት ቢሮ ጄኔሬተሩ ተቃጥሎ ሠራተኛው ሁሉ ከየቤቱ እንዲሠራ ሲባል፣ እኛ ቤት ለሥራ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ቤታችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። በአንድ በኩል አልጋው አለ፣ በሌላው በኩል የኔ የእግር ስፌት መኪና፣ በመሃል የጨርቅ ክምር። መስኮቷ ወደ ግቢው መተላለፊያ ትከፈታለች፤ ፊት ለፊቷ የጎረቤት ግንብ ስለሆነ ግን በእሷ በኩል የሚገባው ብርሃን ሳይሆን የቧንቧ ወረፋ ወሬ ነው። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሯን በርጩማ ላይ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። እኔ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር በርጩማው ይርገበገባል። እሷ ምንም አትልም። እኔ ግን አያለሁ።

የምሰፋው የሚኒባስ ታክሲ የወንበር ልብስ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚነግዱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ጨርቁን ቆርጠው ይሰጡኛል፣ እኔ ሰፍቼ እወስድላቸዋለሁ፣ እዚያው ሱቃቸው ደጃፍ መኪናው ላይ ይለበሳል። ልጄን ያሳደግኩት በዚህ ነው። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄ ትምህርቷን የጨረሰች ጊዜ በግ አርደውልናል።

ያን ሰሞን ግን አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ሱቃቸውን የያዘችላቸው ልጅ ልታገባ ስለሆነ፣ በእሷ ቦታ ልጄ እንድትገባ። «ባዕድ ከማስገባ የወንድሜ ልጅ ትግባ። ያን ኮምፒውተሯንም ይዛ ትምጣ፣ አልከለክላትም» አሉኝ። ልጄ በዚያን ጊዜ በአዲሱ ሥራዋ የሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። የሙከራ ጊዜው የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ከዚያ በኋላ አለቃዋ ወይ ያስቀራታል ወይ ያሰናብታታል። ለጋሼ ዓርብ ይለፍና ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ቅዳሜን ይዘው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሱቁ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፣ ዘመድ ያለበት ነው፣ ማንም አያሰናብታትም። እንደ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ላቆመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ግድግዳ ነው፤ ይደገፉታል። ልጄ ግን ሐሳቡን ስነግራት «እማ፣ እዚያ ከገባሁ አልወጣም» አለች። እኔም ራሴ ከጋሼ ሥራ ገብቼ ስላልወጣሁ አልተከራከርኳትም።

ሥራዋን መረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ለአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው የምትጽፈው። ቀጠሮው ሲቃረብ ለሕመምተኛው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሰዓቱ የሚጻፈው እኛ እንደምንለው ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተብሎ። ከፕሮግራሙ ጎን ደግሞ ትናንሽ ፈተናዎች ትጽፋለች። ፈተናው ፕሮግራሙን ይጠይቀዋል፤ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ ይለዋል። በትክክል ከመለሰ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከተሳሳተ ቀይ። ሥራውን ስትጨርስ ትልከዋለች። ውጭ አገር የተቀመጠ፣ የሰው እጅ የማይነካው ማሽን አለ። ሥራ በደረሰው ቁጥር ከመሠረቱ አንስቶ ራሱ ይገነባዋል፣ ፈተናዎቹን ራሱ ይፈትናል፣ ውጤቱንም ለእሷና ለአለቃዋ እኩል ይልካል። ይገነባል ስትለኝ መጀመሪያ አሸዋና ሲሚንቶ ነበር የታየኝ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋልኝም።

ከቤት መሥራት በጀመረች በመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራዋን ላከች። ትንሽ ቆይታ ስክሪኑን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

ምን ሆንሽ አልኳት።

«ወደቀ። እዚህ ያልፋል እኮ እማ። እይው፣ ይኸው አረንጓዴ። እዚያ ሲሄድ ይወድቃል።»

«ሲወድቅ ምን ይላል?»

«ቀጠሮው አልፏል ይላል። ከአሁን አንድ ሰዓት በኋላ የሚሆን ቀጠሮ ነው የሰጠሁት። ገና ያልደረሰ። እሱ አልፏል ይለኛል።»

ደግማ ፈተነችው። እኛ ቤት አለፈ። ደግማ ላከችው። እዚያ ወደቀ። ከብዙ ፈተናዎች መካከል አንዱ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ አንዱ ከወደቀ ግን ሁሉም እንደወደቀ ይቆጠራል አለችኝ። እንዲገባኝ ብላ በራሴ ሥራ አስረዳችኝ። እኔ ልብሱን የምለካው ቤት ባስቀመጥኩት አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ልክ ከሆነ ልክ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ሶማሌ ተራ ስደርስ ግን የመኪናው ወንበር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ያ ልክ የነበረው ልብስ ትከሻው ላይ እንቢ ይላል።

«እንግዲያ ወንበሩን ሄደሽ እይው» አልኳት።

«ወንበሩ የማላየው ቦታ ነው ያለው። እንቢ ማለቱን ብቻ ነው የሚነግረኝ።»

ይህ ነገር አስፈራኝ። ልብስ እንቢ ሲለኝ እጄን አስገብቼ የት ጋ እንደያዘ እዳስሳለሁ። እሷ የምትዳስሰው ነገር የላትም።

በዚያው ማታ አለቃዋ ደወለ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው፣ አይቆጣም፤ ለዚህ ይሆናል የበለጠ የከበደኝ። እሷ እኔ ጋ ይሠራል አለችው። እሱም ቀስ ብሎ «አንቺ ቤት መሥራቱ ለሕመምተኛው ምን ያደርግለታል?» አላት። ቀይ የሆነ ሥራ እንደተሠራ እንደማይቆጠር፣ ዓርብ ከሰዓት ላይ ሁሉንም አይቶ እንደሚወስን ነገራት። እሺ አለችና ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በርጩማዋ ላይ አጎነበሰች።

ከዚያ በኋላ ያላደረገችው የለም። የፈተናዎቹ ቅደም ተከተል ይሆናል፣ አንዱ ለሌላው ቆሻሻ ትቶለት ይሄዳል አለችና ወደፊት የነበረውን ወደኋላ አዞረችው። እዚህ አለፈ፣ እዚያ ወደቀ። የውጭው ማሽን ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል አለችና ትንሽ ቆይ ብላ ጻፈችለት። ቆየና ወደቀ። ሌሎች ሠርተዋቸው የምትጠቀምባቸውን የተውሶ ፕሮግራሞች አጥፍታ አዲስ አወረደች፤ ለዚያ የስልኳ ካርድ አለቀና ሱቅ ሄጄ ገዛሁላት። እሱም ወደቀ። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚለው ያንኑ ነው፤ ቀጠሮው አልፏል።

ከሁሉ የባሰው አንድ ጊዜ ማለፉ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት። እኔ ሽንኩርትና ቲማቲም ልገዛ አትክልት ተራ ወርጄ ነበር። ስመለስ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አለፈ አለችኝ። ምን አደረግሽለት ስላት ምንም አለች። ትናንት ማታ የነበረውን ሥራ፣ አንዲት ፊደል ሳትለውጥ፣ ጠዋት ብትልከው አለፈ። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ከፊቷ ወረደ። ሳይነኩት የዳነ በሽታ ሳይነኩት ይመለሳል አለች። እውነቷን ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግማ ስትልከው ቀይ ሆነ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ሲያልፍ እኔ የለሁም። ሲወድቅ አለሁ፣ እየሰፋሁ ነው። ፔዳሌ በርጩማውን ያርገበግበዋል፣ በርጩማው ኮምፒውተሩን፤ ከዚያ በላይ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? እንዲህ ብዬ ብነግራት እንደምትስቅብኝ ገባኝና አልነገርኳትም። ብቻ መስፋት አቆምኩ። እሷ ጠዋት ያረመችውን ከሰዓት ስትልክ እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ፣ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ እቀመጣለሁ። የጎረቤት ልጆች መተላለፊያው ላይ ኳስ ሲመቱ ወጥቼ በጣቴ አፌን እይዝላቸዋለሁ። በተሸካሚዎች መንገድ ዳር ነው ያለነው፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ በድንጋዩ ላይ ይንኳኳል፣ ሰው መንገድ መንገድ እያለ ይጮኻል። ያን ማስቆም አልችልም። የቻልኩትን ያህል ግን ቤቱን ዝም አሰኘሁት። ዝም ባለ ቁጥር ቤቱ የጠበበ መሰለኝ። ትንፋሼን ስይዝ ትዝ ይለኛል፤ ስክሪኑን ሳይሆን የልጄን ጀርባ ነበር የማየው። ትከሻዋ ከወረደ ወድቋል ማለት ነው። ሁልጊዜ ወረደ።

ረቡዕ ከሰዓት ይህም አልበቃኝ ብሎ ከቤት ወጣሁ። የተሰፋ ነገር ላድርስ ብዬ ዋሸኋት፤ አንድ ያለቀ ልብስ ብቻ ጠቅልዬ ይዣለሁ። እኔ ከሌለሁ ያልፋል ብዬ ነው። ዝናብ ጀመረ። ሶማሌ ተራ ስደርስ ጋሼ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው አንድ ሾፌር ወንበሩን ሲያስለብስ ያያሉ። ግቢ፣ ውሃ ሆነሻል አሉኝ። ገብቼ በካርቶኖቹ መካከል ተቀመጥኩ። የምታገባዋ ልጅ የት ምን እንዳለ ለማስረዳት ዕቃዎቹን እያዘጋጀች ነበር፤ ለልጄ መሆኑ ነው። ይህ የጎማ ነው፣ ይህ የመስታወት ነው፣ ጋሼ ከምሳ በኋላ ሲተኙ አትቀስቅሺያቸው፣ ደንበኛ ከመጣ አንቺ ራስሽ ዋጋ አትጥሪ ትለኛለች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚወጣው ፊት ለፊት ያለው ሰው ከተነሣ ነው። አንድ ጊዜ ለመውጣት ፈልጌ ጋሼ በሩ ላይ ስለነበሩ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ዞረው አዩኝና «ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ።

«ቅዳሜ እነግርዎታለሁ አላልኩም ጋሼ?»

«አልሽ። ቅዳሜ ምን ይለወጣል ብዬ ነው እንጂ። ለማይታይ ሰው ከመሥራት ለአጎት መሥራት አይሻልም?»

የማይታየው ማሽን እኔንም አስጨንቆኛል። ዝናቡ ቀነሰልኝና ተሰናበትኩ። ቤት ስደርስ ልጄ እንዲያው እንደተውኳት ናት። ስትልከው ወድቋል። እኔ ባልነበርኩበትም ወድቋል። እንግዲህ የኔ ነገር አይደለም ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ያቀለለኝ መስሎኝ ነበር፤ የባሰውን ከበደኝ። የኔ ከሆነ ማቆም እችል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መብራት ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ የኮምፒውተሯ ባትሪም አለቀ። ጎረቤት ብንጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። ልጄ ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልላ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ መብራት ያለበት ኢንተርኔት ቤት እሄዳለሁ አለች። ብቻዋን አልለቃትም አልኩ። ሳቀችብኝ፤ ያን ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወያላና ተሳፋሪ በሚተራመስበት መሃል ክንዷን ይዤ ተሻገርን።

ኢንተርኔት ቤቱ ከደረጃ ሥር ያለ ቤት ነው። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው፣ የሥልጤ ሰው፣ ቀልደኛ። ቦታ ሰጠን፣ የኮምፒውተሯን ገመድ ሰካልን፣ ለእኔም ወንበር ሳበልኝ። ባትሪው ባዶ ስለነበር ኮምፒውተሯ ቶሎ አልነሣ አለ። እሷ እስኪነሣ ዝም ብላ መቀመጥ አልቻለችም። ይህን ልጠቀምበት ብላ አጠገቧ ባለው የኢንተርኔት ቤቱ ማሽን ሥራዋን ከላከችበት ቦታ አወረደችው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ፈተናዎቹን አስነሣቻቸው።

ቀይ ሆነ።

ልጄ እጇን አፏ ላይ አደረገችና፣ ከወንበሯ ተነሥታ፣ እዚያው በጠባቡ ቦታ ላይ ዘለለች። «ወደቀ! እማ፣ እዚህም ወደቀ!»

ያበደች መሰለኝ። ተቀመጪ፣ ምን ሆነሻል እላታለሁ። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ አየና «እትዬ፣ እኔ ቤት ፈተና ውጤት ሲያዩ ስንቱን አይቻለሁ። ያለፈ ሲዘል ነው የማውቀው» አለ። እሷ አልሰማችውም። አቅፋ ያዘችኝ። «እዚያ ብቻ ሲወድቅ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። አሁን ግን እፊቴ ወደቀ። ያ ወንበር ይኸው፣ ልዳስሰው እችላለሁ።» ያን ጊዜ ገባኝ።

ያን ጊዜ የእሷም ኮምፒውተር ተነሥቶ ነበር። በዚያኛው ላይ ያንኑ ሥራ አስነሣችው፤ አረንጓዴ። ሁለቱ ጎን ለጎን፤ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቀይ፣ ሥራው አንድ። ከዚያ እንደ እኔ ስትለካ አየኋት። ከላይ እስከ ታች፣ እየጠቆመች፣ ይህ አንድ ነው፣ ይህም አንድ ነው እያለች ትወርዳለች። ብዙ ነገር ተመሳሰለላት። ታች ጥግ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

በኢንተርኔት ቤቱ ማሽን ጥግ ላይ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል። በእሷው ላይ ስምንት ሰዓት ከአሥር።

እኔም ሰዓቱን አየሁት፣ ግን ምንም አላየሁም፤ የእሷ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ነው የሚለው፣ ሰዓቱ ስምንት ነበራ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ የኛ ሰዓት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛች ጊዜ የግድግዳ ሰዓታችን ቆሞ ነበር። እኔ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ ሰዓት ማየት እፈልጋለሁ፤ በፈረንጅ ስድስት ቀንሺ ስድስት ጨምሪ ሲሉኝ ግን ይምታታብኛል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አደረገችልኝ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ይላል። ዓመታት አለፉ። እሷ እንዲህ ማድረጓን ረሳችው፤ ለዓይኗ ሰዓት ማለት እሱ ሆነ። ያ የሚወድቀው ፈተና ደግሞ ቀጠሮ የሚያዘጋጀው፣ የቆመበትን ማሽን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠይቆ፣ በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ጨምሮ ነው። የእሷ ማሽን ስምንት ነው ይለዋል፣ ፈተናው የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ያዘጋጃል፣ ፕሮግራሙ ገና ነው ብሎ በትክክል ይመልሳል። ሌላው ማሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ነው ይለዋል፤ ፈተናው የሦስት ሰዓት ቀጠሮ ያዘጋጃል። ክሊኒኩ በእኛ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ሦስት ሰዓት ማለት ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ አልፏል። ፕሮግራሙ የመለሰው እውነቱን ነው። የሚያሳስተው ጠያቂው ነበር። የውጭው ማሽን ሰዓት ደግሞ የተቀመጠበት አገር ሰዓት ነውና ከዚህም ከዚያም የተለየ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ስትልክ እንደ አጋጣሚ የሚያዘጋጀው ቀጠሮ ከፊት ስለሚውል ያልፋል፤ ከሰዓት ስትልክ ኋላ ይቀራል። ማክሰኞ ያሳለፈው የኔ አትክልት ተራ መውረድ አልነበረም።

እኔ የሰማሁት ግን አንዱን ብቻ ነው። ለእኔ ብላ ያደረገችው ነው።

«እንግዲያ እኔ ነኝ ሳስወድቅሽ የከረምኩት?»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ሰዓት አየሽ። ፈተናዬ ሰዓቱን ከማሽን መጠየቅ አልነበረበትም። እኔ ነኝ መስጠት የነበረብኝ።»

አስተካከለችው። አሁን ፈተናው ማንንም ስንት ሰዓት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እሷው ሰዓቱን ጽፋ ትሰጠዋለች፣ የትም ቢሄድ ያው ነው። በኢንተርኔት ቤቱ ማሽን አለፈ። በእሷም አለፈ። ከዚያ ላከችው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚወድቅበት ሰዓት። ጠዋት ላይ ላኪው ብላት እንቢ አለች፤ ሲወድቅበት በነበረው ሰዓት ካላለፈ አላለፈም አለች። ኔትወርኩ ይጎተታል። ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ የድልድዩ ጩኸት ከላይ ይወርድብናል። እኔ እንደለመድኩት ጀርባዋን አየሁ። ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣና እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና ደነገጥኩ፤ ስትዞር ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አረንጓዴ ነበር። ባለቤቱ አሁን ለምን አትዘልም ብሎ ጠየቀኝ። ደከማት አልኩት።

ዓርብ ከሰዓት አለቃዋ ደወለ። ምን እንደነበር አስረጂኝ አላት። እኔ ሰዓቱ ለእናቴ ነው እንዳትል ብዬ በእጄ ምልክት አደረግኩላት፤ በእኔ አላዋቂነት እንዳትታማ። እሷ ግን ሁሉንም እንደነበረ ነገረችው። ከዚያ ሳቁ ተሰማኝ፣ የማሾፍ አልነበረም። የሱም እናት እንዲሁ አስደርገውት እንደነበር ነገራት። ያን ለሌሎቹ ሠራተኞች ጽፈሽ ላኪ፣ ሰኞ ደግሞ ጄኔሬተሩ ስለተሠራ ቢሮ ነይ፣ ቋሚ ነሽ አላት። ልጄ ስልኩን እንደያዘች አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እኔ ግን ቅዳሜን አሰብኩ።

ጋሼን በሕይወቴ አይሆንም ብያቸው አላውቅም። የሰጡኝን ተቀብያለሁ፣ ያሉኝን አድርጌያለሁ። ቅዳሜ የተሰፋውን ይዤ ሄድኩ። የምታገባዋ ልጅ የመጨረሻ ቀኗ ነው፣ ዕቃዋን በፌስታል አድርጋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጋሼ ቁጭ በይ አሉኝ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ስለማውቅ ቆሜ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ልጄ አትመጣም። ሥራዋ ላይ ቀረች።»

«ማን ወሰነ?»

«እኔ ነኝ።»

ይህ ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ግን በእሷ ላይ እንዲያዝኑ አልፈለግኩም። ያመጣሁትን ልብስ አንሥተው በር ላይ ባለው መኪና ወንበር ላይ ጎትተው አለበሱት፣ ትከሻውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ልክ ነበር። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። አልተቆጡም። የሚቀጥለውን ጨርቅ ልቀበል ስጠብቅ፣ አንቺ ሂጂ፣ እልክልሻለሁ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጨርቁን በተሸካሚ ይልኩልኛል፣ ያለቀውንም በተሸካሚ ይወስዱታል። ሥራውን አልነፈጉኝም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ሶማሌ ተራ መሄዴ ግን ቀረ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣኝ ጉዳይ እሱ ብቻ ነበር። ልጄ ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች። ቀን ቀን ቤቱ የኔ ነው፤ እንደልቤ እሰፋለሁ፣ የሚርገበገብ ነገር የለም። አንዳንዴ ተሸካሚው በሩን ሲያንኳኳ ጋሼ ምን አሉ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ምንም አላሉም ይለኛል።